ርካሽ ካርድ፣ ውድ ቦርድ፦ ለሊኑክስ ማሽን ማዘርቦርድ ስመርጥ የያዝኩት ማስታወሻ

ምን ይሰካል

ማሽኑ አንድ ነው፣ ሥራው ግን ብዙ። ዴቢያን 12 ይጫንበታል። የፋይል ማከማቻ ይሆናል። በኬቪኤም (የሊኑክስ የቨርቹዋል ማሽን መሣሪያ) ጥቂት ቨርቹዋል ማሽኖች፣ ማለትም በሶፍትዌር የተሠሩ ኮምፒውተሮች፣ ይሮጡበታል፤ ከእነሱ አንዱ የራሱ ግራፊክስ ካርድና የራሱ ዩኤስቢ ይሰጠዋል። ካርዶቹ እጄ ላይ ናቸው። የጠፋው ሁሉንም የሚችል ማዘርቦርድ ነው።

ግራፊክስ ካርዱ ባለ 16 ሌን ነው (ሌን ካርዱ መረጃ የሚያስተላልፍበት የፒሲአይኢ መስመር ነው)፣ ውፍረቱ የሁለት ስሎት፣ ማለትም የሁለት ካርድ መሰኪያ፣ ቦታ ይይዛል። ከሰርቨር የተነቀለ ኤችቢኤ፣ ማለትም የዲስክ ካርድ አለ፤ ቺፑ ኤስኤኤስ2008፣ ባለ 8 ሌን፣ ስምንት ሃርድ ዲስክ ይይዛል። የኢንቴል 82599 ቺፕ ያለው የ10 ጊጋቢት ኔትወርክ ካርድ አለ፣ እሱም ባለ 8። የዩኤስቢ ካርዱ ባለ 1 ነው። ሁለት ኤም.2 ኤስኤስዲዎችም (በቀጥታ ቦርዱ ላይ የሚሰኩ ትንንሽ ዲስኮች) አሉ፣ እያንዳንዳቸው 4 ሌን ይፈልጋሉ።

ሁሉም ሙሉ ይሰጣቸው ቢባል 41 ሌን ነው። ተራ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ይህን አይሰጥም። ኤኤም4 በሚባለው ሶኬት ላይ የሚቀመጡት የኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰሮች 24 ሌን አላቸው፦ 16 ለስሎቶች፣ 4 ለኤም.2፣ 4 ደግሞ ወደ ቺፕሴቱ፣ ማለትም ተጨማሪ መስመር ወደሚያከፋፍለው የቦርዱ ቺፕ። ኤኤም5 ላይ 28 ደርሷል፤ ከእሱም 4ቱ የቺፕሴቱ ናቸው። የኢንቴል ሶኬት ኤልጂኤ1700 ከፕሮሰሰሩ በቀጥታ 16 እና 4 ይሰጣል። የቀረው በቺፕሴት በኩል ይመጣል። ቺፕሴቱ ደግሞ ስንት ስሎት ቢያበዛ ሁሉንም በአንድ ጠባብ መስመር ነው ወደ ፕሮሰሰሩ የሚያደርሰው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ካርድ ስንት ሌን ቢቀነስበት ሥራው እንደማይጎዳ ማስላት ነበረብኝ። በአንድ ሌን ጄን 2 (ሁለተኛው የፒሲአይኢ ትውልድ) በሰከንድ 500 ሜጋባይት ገደማ ያሳልፋል፣ ጄን 3 ወደ 985፣ ጄን 4 ወደ 1970። ስምንት ሃርድ ዲስኮች እያንዳንዳቸው 250 ሜጋባይት ቢያነቡ 2 ጊጋባይት ነው። የዲስክ ካርዱ ጄን 2 ስለሆነ በ8 ሌን 4 ጊጋባይት አለው። በ4 ሌን ግን ልክ 2 ላይ ያቆማል፣ የፓኬት ብክነቱ ሲቀነስ ከዚያም ያንሳል። ዜድኤፍኤስ የሚባለው የፋይል ሥርዓት ስክረብ ሲያደርግ፣ ማለትም መረጃው እንዳልተበላሸ ሁሉን እያነበበ ሲያጣራ፣ ሁሉም ዲስክ በአንድ ላይ ነው የሚነበበው፤ እዚያ ላይ ይታነቃል። ለእሱ 8 ግድ ነው።

የኔትወርክ ካርዱም ጄን 2 ነው፣ ግን የምጠቀመው አንዱን ፖርት ብቻ ነው። 1.25 ጊጋባይት ይበቃዋል፤ በ4 ሌን እንደ ልብ ይሮጣል። ግራፊክስ ካርዱ በ8 ሌን ቢሆን ልዩነቱ ዓይን አይገባም። አዲሱ ድምር 29 ሆነ።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ስለሆነ ልጻፈው። የድሮ ካርድ አዲስ ስሎት ላይ ስለተሰካ አይፈጥንም። ጄን 2 ባለ 8 ካርድ ጄን 4 ባለ 4 ስሎት ውስጥ ሲገባ የሚሮጠው ጄን 2 ባለ 4 ሆኖ ነው። የስሎቱ ፍጥነት ትርፍ ሆኖ ይቀራል። ያገለገሉ የሰርቨር ካርዶች ርካሽ ናቸው፣ ሊኑክስ ላይም ያለምንም ውጣ ውረድ ይሠራሉ፤ ሰፊ ስሎት ግን ይፈልጋሉ። ሰፊ ስሎት የሚሰጥ ቦርድ ደግሞ ውድ ነው። በካርዱ ያተረፍኩትን ቦርዱ መልሶ ሊበላው ነው።

ማኑዋል ንባብ

ኤቲኤክስ ቦርድ ሰባት የስሎት ቦታ አለው፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ አራት፣ ሚኒ አይቲኤክስ አንድ። ቦታ አለ ማለት ስሎት አለ ማለት አይደለም። የዛሬዎቹ ኤቲኤክስ ቦርዶች ሦስት ወይም አራት ስሎት ካላቸው ጥሩ ነው፤ የቀረውን ኤም.2ና የብረት ሽፋኑ ወስደውታል።

የስሎቱ ርዝመትም ያታልላል። ባለ 16 የሚመስል ረጅም ስሎት ውስጡ ባለ 4 ሊሆን ይችላል። ቦርዱ እጅ ላይ ካለ ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ በባትሪ መብራት ስሎቱ ውስጥ ማየት። የመዳብ ምላሶቹ በሁለቱም ጎን ተደርድረዋል። ሙሉ ባለ 16 ከሆነ በአንድ ጎን 82 ናቸው፣ እስከ ጫፍ ይደርሳሉ። ባለ 8 ከሆነ 49 ላይ ያበቃሉ፣ ባለ 4 ከሆነ 32 ላይ። ከዚያ ወዲያ ያለው ባዶ ፕላስቲክ ነው። መቁጠር እንኳን አያስፈልግም፤ የት እንደሚያቆም በግልጽ ይታያል። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ከጀርባ ያልተሸየደም ስለሚኖር ቦርዱን ገልብጦ ማየትም አይከፋም።

ቦርዱ እጅ ላይ ካልሆነ ማኑዋሉ ነው ያለው። የምርቱን ገጽ ማመን ትቻለሁ። ማኑዋሉን አውርጄ በቀጥታ ከሥር ወዳለችው ደቃቅ ጽሑፍ እሄዳለሁ። ቁም ነገሩ እዚያ ነው። "ሁለተኛው ኤም.2 ሲያዝ ሦስተኛው ስሎት ይዘጋል።" "ባለ 1 ስሎቱ ሲያዝ ረጅሙ ስሎት ወደ 2 ሌን ይወርዳል።" "ሳታ (የዲስክ መሰኪያ) 5ና 6 ከኤም.2 ጋር ይጋራሉ።" በምርቱ ገጽ ላይ አራት ስሎትና ሦስት ኤም.2 ያለው ቦርድ እነዚህ ሲነበቡ ሁለት ስሎትና ሁለት ኤም.2 ይሆናል።

ፕሮሰሰሩም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ያው ቦርድ በተለያየ ፕሮሰሰር የተለያየ ስሎት ይሰጣል። ራይዘን 5 5600ጂ ጄን 4 ቦርድ ላይ ቢቀመጥም የሚሰጠው ጄን 3 ነው። ኤኤም5 ላይ ራይዘን 5 8500ጂ ለዋናው ስሎት የሚሰጠው 4 ሌን ብቻ ነው። ማኑዋሉ ይህን በፕሮሰሰር ቤተሰብ ከፍሎ በሠንጠረዥ ያስቀምጣል። ርካሽ ስለሆነ ብቻ እንደነዚህ ስሙ በጂ የሚያልቅ፣ ግራፊክስ ያለው ፕሮሰሰር መግዛት ለእንዲህ ዓይነት ማሽን አያዋጣም።

የኤኤም4 ቺፕሴቶችን በጥቂቱ። ቢ450 ከቺፕሴት የሚሰጠው ጄን 2 ብቻ ነው። ለእኔ የድሮ ካርዶች እሱ ራሱ ጉዳት አልነበረም፤ ችግሩ ጠቅላላው 6 ሌን መሆኑ ነው። ቢ550 ጄን 3 ይሰጣል፣ ወደ ፕሮሰሰሩ የሚወስደው መስመርም ጄን 3 ባለ 4 ነው። ኤክስ570 ሁለቱም ጄን 4 ናቸው። ኤክስ570ን ብዙ ሰው የሚሸሸው ቺፕሴቱ ላይ ባለችው ትንሽ ፋን ምክንያት ነው። እኔ ግን የሌን ቁጥሩን ሳይ ፋኗን ልቻላት አልኩ። ከነአካቴው ፋን የሌላቸውም አሉ።

ሙከራ በተዋስኩት ቦርድ

ከመግዛቴ በፊት የቢ550 ኤቲኤክስ ቦርድ ተውሼ ሁሉንም ሰካሁ። ግራፊክስ ካርዱ ላይኛው ስሎት ላይ፣ የዲስክ ካርዱ ታችኛው ረጅም ስሎት ላይ። ኔትወርክ ካርዱ ቦታ አጣ። ሦስተኛ ረጅም ስሎት የለም። ለጊዜው ዲስክና ኔትወርኩን እየቀያየርኩ ሞከርኩ።

የዲስክ ካርዱን ሁኔታ ኤልኤስፒሲአይ በሚባለው የሊኑክስ ትዕዛዝ፣ በሁለት ቪ (-vv)፣ አየሁት። ሁለት መስመሮች አሉ መታየት ያለባቸው። ሊንክካፕ ካርዱ የሚችለውን ይናገራል፣ ሊንክስታ ደግሞ አሁን ያለበትን። ሊንክካፕ 5 ጊጋትራንስፈር (የጄን 2 ፍጥነት)፣ ስፋት 8 (የሌን ቁጥር) አለ። ሊንክስታ 5 ጊጋትራንስፈር፣ ስፋት 4፣ ከጎኑም "ዳውንግሬድድ" የምትል ቃል፣ ከሚችለው ዝቅ ብሏል ማለት ነው። የተጠበቀ ነው። ሁለተኛውን ኤም.2 ስሰካ ግን የዲስክ ካርዱ ጭራሹኑ ከዝርዝሩ ጠፋ። ማኑዋሉ ያለው ልክ ነበር።

ዩኤስቢ ካርዱ ሌላ ጣጣ አመጣ። ባለ 1 ስሎቷ በግራፊክስ ካርዱ ሆድ ሥር ናት። በስሎትና በስሎት መካከል ያለው ርቀት 20.32 ሚሊሜትር ነው፤ የሁለት ስሎት ውፍረት ያለው ካርድ የጎረቤቱን ቦታ ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። በማራዘሚያ ኬብል አወጣሁት። ሠራ፣ ግን የከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ሎግ በኤኢአር፣ ማለትም በፒሲአይኢ ስህተት፣ ማስጠንቀቂያ ተጥለቀለቀ። "ኮሬክትድ" ይላል፣ ስህተቱ ታርሟል ማለት ነው፤ ሆኖም ጎርፉ አይቆምም። ባዮስ ውስጥ የዚያን ስሎት ፍጥነት ወደ ጄን 1 ሳወርደው ጸጥ አለ። የቀረው ፍጥነት 250 ሜጋባይት ነው። ለኪቦርድና ለማውዝ ይበቃል፣ ለውጫዊ ዲስክ ግን አይሆንም። ፒሲአይኢ ኤኢአርን ከርነሉ ላይ ማጥፋትም ይቻላል፤ ያ ግን ደወሉን ዝም ማሰኘት ብቻ ነው።

ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ። ካርዱ ጤነኛ ነው፣ ድራይቨሩም ተጭኗል። ነገሩ የስም ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። ሲስተምዲ የሚባለው የሊኑክስ አስተዳዳሪ ፕሮግራም የኔትወርክ ካርድን ስም የሚያወጣው ካርዱ ከተሰካበት የባስ ቁጥር ነው። አዲስ ካርድ ሲጨመር ቁጥሮቹ ይገፋሉ፤ ኢኤንፒ4ኤስ0 የነበረው ኢኤንፒ5ኤስ0 ይሆናል። የኔትወርክ ፋይሉ ግን አሁንም የድሮውን ስም ይፈልጋል። ስክሪንና ኪቦርድ ሰክቼ ነው ያስተካከልኩት። አሁን በማክ አድራሻ ስም የሚሰጥ የሊንክ ፋይል አለ፤ ካርድ ቢነቀል ቢሰካ ስሙ አይለወጥም። ካርድ እየቀያየረ ለሚሞክር ሰው ይህን ከሁሉ በፊት መጻፍ ብዙ ድካም ያተርፋል።

ቢ550ን የጣልኩት ግን በአይኦኤምኤምዩ፣ ማለትም ካርዶች ራም ላይ የሚደርሱበትን በሚለያየው ክፍል፣ ምክንያት ነው። ካርድን ለቨርቹዋል ማሽን የምንሰጠው በግሩፕ ነው። አንድ ግሩፕ ውስጥ ያሉ ካርዶች አብረው ይሄዳሉ እንጂ አይነጣጠሉም። የግሩፖቹን ፎልደር ስከፍት ከቺፕሴቱ ጋር የተያያዘው ሁሉ፣ ማለትም የቦርዱ ኔትወርክ፣ ሳታው፣ የዲስክ ካርዱ፣ የዩኤስቢ ካርዱ፣ አንድ ላይ ታጉሯል። ዩኤስቢውን ለቨርቹዋል ማሽኑ ልስጥ ካልኩ ዲስኮቼም አብረው ይሄዳሉ። ኤሲኤስ ኦቨርራይድ የሚባል ፓች አለ፤ ግሩፑን በግድ ይበትነዋል። በዋናው ከርነል ውስጥ አልገባም፣ ያልገባበትም ምክንያት አለው፦ ካርዶቹ በሃርድዌር ሳይለያዩ ተለያይተዋል ብሎ ለከርነሉ ይዋሻል። ለጨዋታ ማሽን ይሁን። ዲስኮቼ ባሉበት ማሽን ላይ አላደርገውም።

የሰርቨር ቦርድ ይሻል ይሆን

እንግዲህ ወደ ኤፒክ፣ ወደ ኤኤምዲ የሰርቨር ፕሮሰሰር፣ ማየት ጀመርኩ። ቁጥሩ ያጓጓል። ኤፒክ 7002ና 7003 ፕሮሰሰሮች 128 ሌን አላቸው። ሱፐርማይክሮ ኤች12ኤስኤስኤል-አይ አምስት ባለ 16ና ሁለት ባለ 8 ስሎት በተራ ኤቲኤክስ መጠን ይዟል። ኤኤስሮክ ራክ ሮምኢዲ8-2ቲ ደግሞ ሰባቱም ባለ 16 ናቸው። ማኑዋላቸው ላይ የትኛው ስሎት ከየት እንደሚመጣ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ምንም የሚደበቅ ነገር የለም። በኔትወርክ በርቀት ባዮስ ውስጥ መግባትም ይቻላል፤ ከላይ በጻፍኩት የስም ጣጣ ላይ ስክሪን ፍለጋ አልሮጥም ነበር።

ወጪውን ሳሰላ ግን ቀዘቀዝኩ። ቦርዱ ብቻውን ዴስክቶፕ ቦርድና ፕሮሰሰር ተደምረው ከሚፈጁት ይበልጣል። ራሙ ሬጂስተርድ የሚባለው የሰርቨር ዓይነት መሆን አለበት፣ ስምንት ቻናል (የራም መስመር) ስላለው ደግሞ ሁለት ራም ብቻ ሰክቶ መተው አቅሙን ማባከን ነው። ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥም ኤሌክትሪክ ይበላል። ማሽኑ ቀን ከሌሊት የሚበራ ነው፤ የዓመት የመብራት ሒሳቡም የዋጋው አካል ነው። አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ፦ ያገለገሉ ኤፒክ ፕሮሰሰሮች አንዳንዶቹ መጀመሪያ ለተቀመጡበት አምራች ቦርድ የተቆለፉ ናቸው። ሌላ አምራች ቦርድ ላይ አይነሱም። ዋጋው ከሚገባው በላይ ከረከሰ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው።

ሌላው አማራጭ ካርዶቹን መቀየር ነበር። ኤስኤኤስ2308 ቺፕ ያለው የዲስክ ካርድ ጄን 3 ነው፣ በ4 ሌን ወደ 3.9 ጊጋባይት ያሳልፋል። ዋጋውም ከቦርድ ልዩነት ያንሳል። የሌን ችግሩን ይፈታል፣ ስሎት ግን አይጨምርም። የግሩፑን ችግርም አይነካውም። ስሎትና ግሩፕ ችግር ያልሆኑበት ሰው ግን ቦርድ ከመቀየሩ በፊት ካርዱን ይቀይር።

ምርጫ

የገዛሁት ሦስት ረጃጅም ስሎቶቹ በ8፣ 8፣ 8 የሚሠሩ ያገለገለ የኤክስ570 ቦርድ ነው። ሁለቱ ከፕሮሰሰሩ፣ ሦስተኛው ከቺፕሴቱ። እንዲህ ያለ ቦርድ ጥቂት ነው። አብዛኛው ኤክስ570 ሦስተኛውን ስሎት ባለ 4 አድርጎ ነው የሚሸጠው። ባለ 1 ስሎቷም ግራፊክስ ካርዱ ከሚሸፍነው ቦታ ውጭ ናት። ይህችን ከፎቶ ላይ በማስመሪያ ለክቼ ነው ያረጋገጥኩት።

ከመክፈሌ በፊት ትንንሾቹን ቺፖች አየሁ። ሊኑክስ ላይ የሚያስቸግሩት ብዙ ጊዜ ቦርዱ ላይ የተሸየዱት ናቸው። ሪልቴክ አርቲኤል8125 ኔትወርክ ከከርነል 5.4 ጀምሮ ይሠራል፤ ፍሪቢኤስዲ ላይ ግን ድራይቨሩን ከፖርት መጫን ሊያስፈልግ ይችላል፣ ኔትወርክ በሌለበት ኔትወርክ ድራይቨር ማውረድ ደግሞ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቃል። የሙቀትና የፋን መለኪያው ኑቮቶን ከሆነ ኤንሲቲ6775 የሚባለው የከርነሉ ድራይቨር ይይዘዋል። አይቲኢ ከሆነ አዳዲሶቹን ዋናው ከርነል ላያውቃቸው ይችላል። ሻጩን ማሽኑን ሳይጭን በቀጥታ ከዩኤስቢ በዴቢያን አስነስቶ የኤልኤስፒሲአይና የግሩፖቹን ዝርዝር እንዲልክልኝ ጠየቅሁት። ላከ። የዩኤስቢ ካርዱ የሚገባባት ባለ 1 ስሎት ለብቻዋ ግሩፕ ውስጥ ናት። በቃ፣ ከፈልኩ።

ግጥሚያ

ግራፊክስ ካርዱ አንደኛው ስሎት፣ የዲስክ ካርዱ ሁለተኛው፣ ኔትወርኩ ሦስተኛው ላይ። ኃይል ሰጠሁት፤ ጭጭ አለ። ፋኖቹ ይዞራሉ፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። የዲስክ ካርዱን ስነቅለው ይነሳል። ሌላ ስሎት ላይ ሳስገባው እንደገና ጭጭ።

ከሰርቨር በተነቀሉ ካርዶች ላይ የታወቀ ነገር ነው። ካርዱ ኤስኤምባስ የሚባለውን የመቆጣጠሪያ መስመር ይይዛል፤ ያ መስመር በአንዳንድ የዴስክቶፕ ቦርዶች ላይ ራሙ ከሚነበብበት ጋር ይጋጫል። መድኃኒቱ ቢ5ና ቢ6 የሚባሉትን ሁለት እግሮች መሸፈን ነው። ካርዱን ቺፑ ያለበት ገጽ ወደ ላይ አድርጌ ከብረት ማሰሪያው በኩል መቁጠር ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት 12 ቮልት ናቸው፣ አራተኛው ግራውንድ፣ አምስተኛውና ስድስተኛው የምፈልጋቸው፣ ሰባተኛው እንደገና ግራውንድ። ከአንዱ እግር እስከ ሌላው 1 ሚሊሜትር ነው። ሙቀት ከሚችለው ቢጫ የካፕተን ቴፕ በምላጭ 2 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ቁራጭ ቆርጬ በወረንጦ ለጠፍኩ። ጫፏን ወደ ላይ አርዝሜ ከወርቅ እግሮቹ በላይ ባለው አረንጓዴ ላይ አጣበቅኳት፤ አለበለዚያ ካርዱ ሲገባ ስሎቱ እየላጠ ይገፋታል። ማሽኑ ተነሳ።

የዲስክ ካርዱ ፈርምዌር አይቲ ሞድ ነው፣ ዲስኮቹን ሬይድ ሳያደርግ እንዳሉ ያቀርባል፤ ማሽኑ ሲነሳ የሚሮጠውን ኦፕሽን ሮሙን አውጥቼዋለሁ። ከዲስኮቹ ላይ ቡት አላደርግም፣ ስለዚህ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ዲስክ እስኪቆጥር መጠበቅ አያስፈልገኝም። ሌላው ሙቀቱ ነው። ካርዱ የተሠራው የሰርቨር ነፋስ እየመታው እንዲሠራ ነው፤ ዴስክቶፕ ኬዝ ውስጥ ሂትሲንኩ ጣት አያስነካም። ባለ 40 ሚሊሜትር ፋን በሂትሲንኩ ክንፎች መሃል በብሎን አሰርኩ። ፋኗ የጎረቤት ስሎት ቦታ ትነካለች። ስሎት ስንቆጥር ይህም ይቆጠር።

ኔትወርክ ካርዱ ደግሞ የሰካሁበትን ኤስኤፍፒ ሞጁል (ኬብሉን የሚቀበል ቁራጭ) አላውቀውም ብሎ ፖርቱን ዘጋ። አይኤክስጂቢኢ በሚባለው የካርዱ ድራይቨር ላይ ያልታወቀ ሞጁል የሚፈቅደውን ፓራሜትር 1 አድርጌ ሊኑክስ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጭነውን ኢኒትራምኤፍኤስ አደስኩ፤ ተከፈተ።

ልኬት

የዲስክ ካርዱ ሊንክስታ አሁን 5 ጊጋትራንስፈር፣ ስፋት 8። ስምንቱን ዲስኮች በአንድ ላይ ሳስነብብ እያንዳንዱ ለብቻው ሲነበብ የነበረውን ፍጥነት ጠበቀ። ኔትወርኩ አይፐርፍ3 በሚባለው መለኪያ 9.4 ጊጋቢት ገደማ ሰጠ፤ ከተራ ፓኬት መጠን ጋር ከዚህ በላይ አይጠበቅም።

ግራፊክስ ካርዱ ግን 2.5 ጊጋትራንስፈር ላይ ታየ። መደንገጥ አያስፈልግም። ሥራ ሲፈታ ኃይል ለመቆጠብ ራሱ ነው የሚወርደው፤ ሥራ ሰጥቶ ድጋሚ ማየት ነው። ፍጥነቱ ወጣ፣ ስፋቱ 8 ላይ ቆመ። ካርዱ ባለ 16 ስለሆነ "ዳውንግሬድድ" የምትለው ቃል እንዳለች ትቀጥላለች።

የቀረ ሥራ

ዩኤስቢ ካርዱ ቨርቹዋል ማሽኑ ሲዘጋ ሁልጊዜ ሪሴት አያደርግም፤ አንዳንዴ ሆስቱን ራሱን ማስነሳት ይጠይቃል። የሌላ ቺፕ ካርድ ተውሼ እሞክራለሁ። ሁለተኛው ኤም.2 በዚህ ቦርድ ላይ ሙሉ 4 ሌን አያገኝም፤ የቨርቹዋል ማሽኖቹን ዲስክ ከእሱ ላይ አንስቼ ወደ መጀመሪያው ወስጃለሁ፣ ባክአፕ ብቻ ነው የቀረበት። ባዮስ ሲታደስ ቅንብሩ ወደ ነበረበት ስለሚመለስ አይኦኤምኤምዩና የስሎቶቹ የ8 እና 8 ክፍፍል የት ገጽ ላይ እንዳሉ ፎቶ አንስቼ ኬዙ ውስጥ ለጥፌአለሁ። የፋን ፍጥነቱን ገና አላስተካከልኩም፤ ድራይቨሩ መለኪያውን ያነባል፣ የትኛው ቁጥር የትኛው ፋን እንደሆነ አንድ በአንድ እያቆምኩ ማየት ነው የቀረኝ።